ስለ ማጅራት ሕመም

ሰው ራሱን ባመመው ጊዜ ግንባሩን ይይዛል እንጂ፥ ራሱን ተሸክሞ የሚውለውን አንገቱን አያስበውም። እኔም ዕድሜዬ ከአርባ እስኪያልፍ ድረስ እንዲሁ ነበርሁ። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ምክንያት፥ በከሚሴ ከተማ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስሠራ በገዛ ማጅራቴ ላይ የደረሰው ነገር፥ እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ በወረቀት ላይ አጎንብሰው ለሚውሉ ሁሉ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

በልጅነቴ በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ስደግም፥ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር፥ ማጎንበስ የትጋት ምልክት መስሎኝ አድጌአለሁ። ፍርድ ቤት ከገባሁም በኋላ የከሳሹን፥ የተከሳሹንና የምስክሩን ቃል ስጽፍ አገጬ ከደረቴ አይለይም ነበር። የቦርከና ሸለቆ ሙቀት በበረታበት በግንቦት ወር፥ ሕመሙ እንደ ማጅራት መቺ ከኋላዬ መጣብኝ። ከራስ ቅሌ ሥር ተነሥቶ እስከ ዓይኔ ድረስ ይወጋኝ ጀመር። ዓይኔ ደክሞ ነው ብዬ መነጽር ለወጥሁ፤ የደም ግፊት ነው ብዬም ተለካሁ፤ ነገር ግን ሁለቱም አልነበረም። እናቴ «ልጄ፥ ዓይን በልቶህ ነው» አለችኝ። ጎረቤቶቼ ግን ወደ አንድ ወጌሻ ወሰዱኝ።

ወጌሻው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የወለቀ ክንድና የተሰበረ እግር ጠግነው ብዙ ሰው አመስግኗቸዋል። በበርጩማ አስቀምጠው ማጅራቴን ቅቤ ቀቡኝና አገጬን ይዘው ባንድ ጊዜ ጠመዘዙት። አንገቴ ቋ አለ። ለጥቂት ጊዜ የቀለለኝ መሰለኝ፤ ነገር ግን በዚያው ሌሊት ቤቱ ይዞርብኝ ጀመር፥ በማግሥቱም የቀኝ እጄ ጣቶች ደንዝዘው ብዕር መያዝ አቃተኝ። ጣት ለጸሐፊ እርሻው ናት፤ የልጆቼ እንጀራ የሚገኘው ከእርስዋ ነው። ባለቤቴ አንዳች ሳትናገር ልብሴን አዘጋጀችና፥ በሐርቡና በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ በሚሄደው መኪና ይዛኝ ተሳፈረች።

በደሴ ያገኘነው ወጣት ሐኪም አስቀድሞ ጠየቀኝ፤ አስኬደኝ፤ እጁን አስጨበጠኝ፤ እግሬንና ክንዴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ፤ ራጅም አስነሣኝ። ይህን ሁሉ ሳያደርግ አንገቴን አላዞረውም። ያን ጊዜ በራሴ አፈርሁ። በችሎት ምስክር ሳይሰማ እንዲፈረድ የማልፈቅድ ሰው፥ በአንገቴ ላይ ያለ ምርመራ ፍርድ አስፈጽሜበት ነበርና።

ሐኪሙም እንዲህ ሲል አስረዳኝ፤ «ጋሼ፥ የሰው ራስ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ይመዝናል፤ የሚሸከሙትም ሰባት የአንገት አጥንቶች ናቸው። የላይኛው እንደ ቀለበት ያለ ነው፤ ሰማይን ተሸከመ በሚባለው በግሪኮች ተረት ሰው ስም አትላስ ይባላል። ሁለተኛው እንደ ጥርስ ወደ ላይ የወጣ አጥንት አለው፤ ቀለበቱም በእርሱ ዙሪያ ይዞራል። ራሳችንን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስናዞር፥ የመዞሩ እኩሌታ ያህል የሚሆነው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። በውስጣቸው ኅብለ ሠረሠር ያልፋል፤ በግራና በቀኝም ወደ አንጎል የሚወጡ የደም ሥሮች አሉ። አንገት በድንገት ሲጠመዘዝ የደም ሥሩ ግድግዳ ሊቀደድና ሰውየው አንጎሉ ደም አጥቶ ሽባ ሊሆን ይችላል።»

በእኔ ላይ አጥንቱም የደም ሥሩም እንዳልተጎዳ፥ ወደ እጅ የሚወርደው ነርቭ ግን እንደ ተቆጣ ነገረኝ። ቢላዋ አላስፈለገም። ለጥቂት ቀን የሕመም ማስታገሻ፥ በማጅራቴ ላይ ሞቅ ያለ ጨርቅ፥ ከዚያም በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መሪነት የአንገት ልምምድ ታዘዘልኝ። ልምምዱም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፥ ራስን ሳያጎነብሱ አገጭን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መሳብ፥ እስከ አምስት ቈጥሮ መልቀቅ፥ አሥር ጊዜም መደጋገም ነው። ሁለተኛውም መዳፍን ከግንባር ላይ አድርጎ፥ ራስ ሳይነቃነቅ እርስ በርስ ማገፋፋት ነው። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን በስድስተኛው ሳምንት ብዕሬን እንደ ቀድሞው ያዝሁ።

በዚያው የልምምድ ክፍል አንገቱን በመደገፊያ ያሰረ አንድ የገጠር ወጣት አገኘሁ። ሕመሙ ቲቢ በአንገቱ አጥንት ገብቶ ነው። ይህን የአከርካሪ ደዌ እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 (በአውሮጳ አቈጣጠር) ስለ ጻፈበት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በአገራችን ሕክምናው 12 ወር ነው፤ 2 ወር በአራት ዓይነት መድኃኒት፥ 10 ወር በሁለት፤ በመንግሥት ጤና ተቋምም ያለ ዋጋ ይሰጣል። ወጣቱ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይውጥ ነበርና እየዳነ ነው። የእኔን አንገት የጠመዘዘው እጅ የእርሱን ይዞ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ሳስብ አሁንም ሰውነቴ ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ የማጅራት ሕመም አብዛኛው በትዕግሥትና በልምምድ የሚድን ነው። ነገር ግን ትኵሳት ከአንገት መገተር ጋር ሲመጣ፥ ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ ሲሆን፥ እጅ ወይም እግር ሲደክም፥ መራመድ ሲያስቸግር፥ ሽንት አልቆጣጠር ሲል፥ ንግግር ሲተሳሰር፥ ወይም የሌሊት ላብና መክሳት ሲከተል፥ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል።

እኔ አሁን በአናጢ ባሠራሁት ሣጥን ወረቀቴን ከፍ አድርጌ እጽፋለሁ፤ በየግማሽ ሰዓቱም ብድግ እላለሁ። ከተመለስሁ በኋላ ወደ ወጌሻው ሄጄ የሆነውን ሁሉ በአክብሮት ነገርኋቸው። ሽማግሌው እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝና፥ «እንግዲህ ልጄ፥ ክንድ ለእኔ፥ አንገት ለሐኪም ይሁን» አሉኝ።