ከላይ ያለው ሰው ውል፦ በማይነር ሊግ ትንበያ ላይ

በአሜሪካ ቤዝቦል፣ ከውድድር ዘመኑ በፊት፣ የትኛው ተስፈኛ ወጣት በየትኛው የማይነር ሊግ ደረጃና በየትኛው የሜዳ ቦታ እንደሚሰለፍ መተንበይ የተለመደ ነው። ለተመልካቹ ጨዋታ ቢመስልም ለተጫዋቹ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በተፈረመው የኅብረት ስምምነት ዝቅተኛው ዓመታዊ ክፍያ በደብል-ኤ 30,250፣ ከፍ ባለው በትሪፕል-ኤ ደግሞ 35,800 ዶላር ሆኗል።

ተንባዮች አብዝተው የሚመረምሩት ዕድሜንና የመምታት ውጤትን ነው። እነዚህ ደረጃውን ለመገመት ይረዳሉ፤ ስለ ቦታው ግን የሚናገሩት ጥቂት ነው። ቦታውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው በዋናው ቡድን አስቀድሞ የተቀመጠው ሰው ነው።

የሙኪ ቤትስን ጉዳይ መመልከት ይበቃል። ቤትስ የ2014ን ውድድር የጀመረው የቦስተን ሬድ ሶክስ ተከታይ በሆነው በፖርትላንድ የደብል-ኤ ቡድን፣ በሁለተኛ ቤዝ ተጫዋችነት ነበር። በቦስተን ያንን ቦታ የያዘው ደስቲን ፔድሮያ ደግሞ በ2013 የ8 ዓመት፣ የ110 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ ነበር። ወጣቱ የቱንም ያህል ቢመታ በዚያ በኩል በሩ ዝግ ነው። ብዙም ሳይቆይ በውጭኛው ሜዳ መጫወት ጀመረ፤ ጁን 29 ቀን 2014 በኒው ዮርክ ለዋናው ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍም የቆመው በቀኝ ውጭኛው ሜዳ ላይ ነበር።

ውሉ ለሕዝብ የተገለጠ ነበር፤ ሊያነበው የፈለገ ሁሉ ያገኘዋል። ስለዚህ ቦታን ለመተንበይ የሚሞክር ሞዴል ከላይ ያለውን ተጫዋች ቀሪ የውል ዘመን እንደ አንድ ተለዋዋጭ ሊያስገባ ይገባል፤ ምናልባትም ከመምታት ውጤቱ አስቀድሞ።