ደህና ካምቢዮ ምን አጥፍቶ ይወርዳል?

አባቴ ስልኩን እንዳነሳ የጠየቀኝ ስለ ጤናዬ አልነበረም። እህቴ ወሬውን ቀድማ አድርሳዋለች።

«ካምቢዮው ተበላሽቶ ነው?»

«አልተበላሸም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ደህና ካምቢዮ ምን አጥፍቶ ይወርዳል?»

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሶማሌ ተራ፣ እጁ ከግራሶ ሳይጠራ የኖረ መካኒክ ነው። እሱ ዘንድ ካምቢዮ የሚወርደው ሲጮህ ወይም ማርሽ ሲተፋ ብቻ ነው። እኔ የምኖርበት ሎስ አንጀለስ ግን ሰው ደህናውን አውርዶ ሌላ ይገጥማል። ነገሩ ቅንጦት እንዳልሆነ በስልክ ላስረዳው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እስቲ ለእናንተ ልሞክር።

መኪናዬ የ1966 ፎርድ መስታንግ ናት (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ)። ሞተሯ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 4.7 ሊትር ነው። ካምቢዮዋ ባለ አራት ማርሽ ነበር፤ አራተኛው ቀጥታ ነው፤ ሞተሩ አንዴ ሲዞር ትራንስሚሽኑም አንዴ ይዞራል። ትራንስሚሽን የምለው የአገራችን መካኒክ እንደሚለው፣ ከካምቢዮ ወደ ዲፍረንሻል የሚሄደውን ዘንግ ነው። አሜሪካኖች ትራንስሚሽን የሚሉት ካምቢዮውን ራሱን ነው። በዚህ የተነሳ መለዋወጫ መደብር ውስጥ ስንት ጊዜ ተነታርኬያለሁ!

ዲፍረንሻሉ 3.50 ነው። ጎማው አንዴ እንዲዞር ያ ዘንግ ሦስት ጊዜ ተኩል መዞር አለበት። ስለዚህ በ405 አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 65 ማይል፣ ማለትም ወደ 105 ኪሎ ሜትር ስነዳ ሞተሩ በደቂቃ ከ3,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። ከተማ ውስጥ ደስ የሚለው ድምፅ እዚያ ላይ ራስ ምታት ነው። አንድ እሑድ ከባለቤቴ ጋር ስለ ልጃችን ትምህርት ቤት ጨዋታ ጀመርን። ሦስት ጊዜ «ምን አልክ?» «ምን አልሽ?» ከተባባልን በኋላ ዝም አልን። ቤት ስንገባ «ወይ መኪናውን አሠራው፣ ወይ ብቻህን ሂድበት» አለችኝ።

መድኃኒቱ ኦቨርድራይቭ የሚሉት አምስተኛ ማርሽ ነው። የእኔው 0.68 ነው፤ ሞተሩ 68 ጊዜ ሲዞር ዘንጉ 100 ጊዜ ይዞራል። በዚያው በ65 ማይል ሞተሩ ወደ 2,100 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ነዳጅም ይቆጥባል፤ ግን ለነዳጅ ብላችሁ አታስገጥሙ፤ የካምቢዮውን ዋጋ በቶሎ አይመልስም።

የመረጥኩት ቲ-5 የሚባለውን ነው። ቦርግ ዋርነር የሠራው፣ ፎርድም ከ1983 ጀምሮ መስታንግ ላይ የገጠመው ካምቢዮ ነው። በኋላ ሥራው ወደ ትሬሜክ ዞረ። ትሬሜክ ደግሞ በ1964 በሜክሲኮ፣ ኬሬታሮ ከተማ የተቋቋመ ድርጅት ነው። ይህን የነገረኝ ሜክሲኳዊው ጎረቤቴ ነው። ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው፤ ካርቶኑን ስከፍት አይቶ አጥሩን ዞሮ መጣና ካምቢዮውን መታ መታ አድርጎ «የአገሬ ልጅ ነው» አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥራው የእሱ ሆነ።

የሁለታችንም እንግሊዝኛ ኮፋኖ ሥር ሲገባ ይጠፋል። የእኔ የጋራዥ ቋንቋ ከጣሊያን የተረፈ፣ የእሱ ስፓኒሽ። እኔ ክሮቼራ ስል እሱ ክሩሴታ፣ እኔ ፍሬን ስል እሱ ፍሬኖ ይላል፤ ተግባባን ብዬ ተዝናናሁ። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውን ቤት ካምፓና ይለዋል፤ ደወል ማለት ነው። ካምፓናው ከሞተሩ መሐል ለመሐል መግጠሙን ባለ መርፌ መለኪያ ሳያስቀምጥበት ካምቢዮውን አላስነካኝም። የሚፈቀደው መዛባት 0.13 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛው ከዚያ አለፈ። ግማሽ ቀን ሙሉ አቃፊ ፒኖቹን እየቀያየርን አስተካከልነው። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ዘልዬው ነበር፤ የማርሹ መንጫጫትና የኩሽኔታው ማለቅ የሚመጣው ደግሞ ከዚያ ነው።

የቀረው ቀላል ነበር። ትራንስሚሽኑ ሳይቆረጥ ገባ፤ ካምቢዮውን ከሥር የሚሸከመው ብረት ብቻ ተቀየረ። አባቴ የሰጠኝ ቁልፎች ግን ሁሉም በሚሊ ሜትር ናቸው፤ የመኪናዋ ቡሎኖች በኢንች። 14 ቁልፍ አልገባ፣ 15 ቁልፍ እየዞረ፤ ከጎረቤቴ እየተዋስኩ ጨረስኩ።

ስህተቱን የሠራሁት ማታ፣ እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ካምቢዮ ምን ይጠጣል? ዘጠና ዘይት! ከልጅነቴ ሳይ ያደግሁት እሱን ነው፤ ያንኑ ሞላሁበት። ጠዋት ሞተሩ ተነሳ፣ ሁለተኛ ማርሽ ግን እንቢ አለ። ጎረቤቴን ጠራሁትና «ማርሽ! ማርሽ!» እያልኩ አሳየሁት። ራሱን ነቅንቆ መኪናው ሥር ገባ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሲወጣ በእጁ የያዘው ሞተሪኖውን ነው! ለካ በሜክሲኮ መካኒኮች አፍ «ማርቻ» ማለት ሞተሪኖ ነው። ደህናውን ሞተሪኖ ፈትቶልኝ አረፈው። ደህና ዕቃ ማውረድ ለካ ይጋባል።

ነገሩ ሲጣራ ቲ-5 ዘጠና አይፈልግም። ማርሾቹን የሚያስማሙት ቀለበቶች የተሠሩት ለቀጭን ዘይት ነው፤ የሚጠጣው አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚጠጣውን ቀዩን ዘይት፣ ሦስት ሊትር የማይሞላ። ወፍራሙን አፍስሰን ቀዩን ስንሞላ ሁለተኛው ማርሽ በሁለት ጣት ገባ።

እንከን የለውም አልልም። የቲ-5 አንደኛ ማርሽ 3.35 ነው፤ ከዚህ ዲፍረንሻል ጋር ሲሆን በጣም አጭር ነው፤ መስቀለኛ መንገድ ሳልሻገር ያልቅብኛል። አንድ የመስታንግ አፍቃሪ ደግሞ «ታሪኳን አጠፋህባት» ብሎ ተቆጣኝ። እኔ ያደግሁት መኪና ከሌላ መኪና ዕቃ እየተዋሰ ሃምሳ ዓመት በሚሠራበት ሰፈር ነው። በሸራ ተሸፍና ከምትቆም ብትነዳ ይሻላል ባይ ነኝ።

በፀደይ ወራት ባለቤቴን ይዤ ወደ ሰሜን ነዳሁ። የቴሆን ዳገት ላይ ወደ አራተኛ መለስኩ፤ አምስተኛ ለሜዳ እንጂ ለዳገት አይሆንም። ከዚያ ወዲያ አምስተኛ ላይ አስገብቼ ሚልፒታስ እስክንደርስ እያወራን ሄድን። የሻንሲዋ ቁጥር ሁለተኛ ቦታ ላይ «አር» የሚል ፊደል አለ፤ እዚያ በነበረው የሳን ሆዜ ፋብሪካ መሠራቷን ይናገራል። ፋብሪካው በ1983 ተዘግቶ ከ1994 ጀምሮ ትልቅ የገበያ ማዕከል ሆኗል። መኪናዋን ግቢው ውስጥ አቁሜ ለአባቴ በቪዲዮ ደወልኩለት። ሞተሩን አስነስቼ አሰማሁት፤ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ ብዙ አዳመጠ።

«አሮጌውን ካምቢዮ ጣልከው?» አለኝ።

«አልጣልኩትም። ዘይት ቀብቼ ጠቅልዬ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።»

«እንዲያ በለኛ!»