ሐረጎን ስንወርድ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ሐረጎ ላይ ጆሮው ይደፈናል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይጥላል። መድኃኒቱን መንገደኛው ሁሉ ያውቀዋል፦ ማኘክ ነው። ስናኝክ ምራቅ እንውጣለን፤ ስንውጥ ከላንቃ በላይ ያለች ትንሽ ጡንቻ ወደ ጆሮ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ትከፍታለች። እሷም የምትታዘዘው ማኘኪያ ጡንቻዎቻችን በሚታዘዙበት ነርቭ ነው።

ባለፈው አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ቆሎ ፈትተው እፍኝ ሙሉ ዘረጉልኝ። «እንካ የኔ ልጅ፣ ጆሮህ ሳይደፈን ቆርጥም፤ አብሽር» አሉኝ። ገብስና ሽምብራ ነው፣ ሱፍ ጣል ጣል ተደርጎበታል። ዓይኔ ግን እርሳቸው ላይ ቀረ። ሻሻቸው ከጆሯቸው በላይ ትንሽ ሸሸት ብሏል፤ በቆረጠሙ ቁጥር እዚያች ቦታ ቆዳቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ከጉንጫቸው ሥር ደግሞ ሌላው ጡንቻ ይቋጠራል፣ ይፈታል። ከፊታችን አንዲት ወጣት ሕፃኗን ታጠባለች፤ የሱም ጉንጭ ቋጠር ፈታ ይላል።

ጡንቻን የሚያሳጥረው ማዮሲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ዘገምተኛ አለው፣ ፈጣን አለው። ሕፃን በክንዱና በእግሩ ጡንቻ ይዞት የሚወለደው የሕፃንነት ማዮሲን፣ እያደገ ሲሄድ ለአዋቂው ቦታውን ይለቃል። የመንጋጋ ጡንቻ ግን አይጥለውም፤ ካደገም በኋላ ይዞት ይኖራል። ይህም ሳይበቃ፣ በልባችን የላይኛው ክፍል የሚሠራው የማዮሲን ዓይነት እዚሁ መንጋጋ ውስጥ አለ። ሌላ ቦታ አንድ የጡንቻ ክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ብቻ ሲይዝ፣ ከመንጋጋው ክሮች ብዙዎቹ ሁለትና ሦስቱን ቀላቅለው ይይዛሉ፤ እፍኜ ውስጥ እንዳለው ቆሎ። ሥራውስ መቼ አንድ ዓይነት ሆነና! ሽምብራ የሰበረው መንጋጋ ወዲያው ላላ ብሎ «አብሽር» ይላል።

እኚህ እናት ጡት የጠቡበትን ማዮሲን እስከ ዛሬ አልጣሉትም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል።

የጣልነውም አለ። ጦጣና ድመት ለብርቱ ንክሻ የሚሆን ሌላ ማዮሲን አላቸው፤ የዚህ ማዮሲን ዘረመል ግን በኛ ውስጥ ተሰብሮ እንደቀረ እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ ተመራማሪዎች አስታውቀዋል። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ በሚወርደው አቅጣጫ፣ አፋር ምድር ሌዲ ገራሩ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪው ቻላቸው ሥዩም 2.8 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የጥንታዊ ሰው የግራ መንጋጋ አጥንት አገኘ፤ አምስት ጥርሶች እንደተተከሉበት። ያን አጥንት ያንቀሳቅስ የነበረው ሥጋ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ!

ቦርከና ወንዝ ስንደርስ ጆሮዬ ቷ ብሎ ተከፈተ። ሕፃኑ ጡቱን ለቅቆ ተኝቷል፤ ጉንጩ ግን አሁንም ይጠባል።