ውኃን ወደ ብርጭቆ የሚያወጣው ማን ነው?

ልጅን ወደ ትምህርት ቤት መላክ የወላጅ ግዴታ መሆኑን ዛሬ የማይቀበል ሰው የለም። ነገር ግን ልጁ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣውን ነገር ማታ በቤት ውስጥ አብሮ መመርመር የዚያው ግዴታ ሁለተኛ ክፍል መሆኑን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ደብተሩን ገልጦ ማየት፥ ማርኩንም ጠይቆ ማመስገን ወይም መቈጣት ብቻውን ምርመራ አይባልም። ምርመራ ማለት በፍርድ ቤት እንደሚደረገው ሁሉ ቃልን ከማስረጃው ጋራ ማስተያየት ነው። እኔ በሁሩታ ከተማ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ የምተዳደር ሰው ስለ ሆንሁ፥ በአንዲት ሻማና በአንድ ብርጭቆ ምክንያት በቤቴ የሆነውን ነገር ለተከበሩ አንባቢዎች ላቀርብ ወደድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ የሳይንስ ፈተና በደረሰባት ሰሞን ስለ አየር ግፊት የተማረችውን ሙከራ በቤት ልታሳየን ፈለገች። በጎድጓዳ ሳህን ጥቂት ውኃ ጨምራ፥ በመካከሉ ሻማ አቁማ አበራች፤ ከዚያም ብርጭቆ ገልብጣ ደፋችበት። ሻማው ጥቂት ቈይቶ ጠፋ፤ በሳህኑ የነበረውም ውኃ ወደ ብርጭቆው ውስጥ ወጣ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው መደነቁ አይቀርም፤ ውኃ ወደ ቈላ እንጂ ወደ ደጋ ሲወጣ ታይቶ አይታወቅምና።

በደብተሯ የተጻፈው ምክንያት አጭር ነበረ። ከአየር አምስት እጅ አንዱ ኦክሲጅን ነው፤ እሳቱ ይህን ኦክሲጅን በልቶ ሲጨርስ ውኃው በባዶው ስፍራ ይተካል፤ ስለዚህም የብርጭቆውን አንድ አምስተኛ ይሞላል፥ ይላል። ይህ ቃል በአንድ ትምህርት ቤት ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በብዙ አገር፥ በብዙ መጻሕፍት ታትሞ ለብዙ ዘመን ሲነገር የኖረ ነው። ለመስማት ይጥማል፥ ለማስታወስም ይቀላል።

ልጂቱ ግን ሳህኑን እያየች ጥቂት ዝም አለች። በኋላም ወደ እኔ ቀርባ፥ «አባባ፥ ሻማው እየበራ ሳለ ውኃው አልተነሣም፤ የወጣው ከጠፋ በኋላ ነው። ኦክሲጅኑን የበላው እሳቱ ከሆነ፥ ውኃው ስለ ምን እሳቱ እስኪሞት ጠበቀ?» አለችኝ።

እናቷ ይህን ሰምታ፥ «ልጄ፥ አንቺ መምህርሽ ያሉትን ጻፊ፤ ማርክ የሚሰጡሽ እሳቸው ናቸው» አለቻት። ይህ የእናት ምክር ነውና አልነቀፍሁትም። ነገር ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም። በፍርድ ቤት እኔ የምጽፈው ምስክሩ የተናገረውን እንጂ ሊናገር ይገባው ነበር የምለውን አይደለም። ምስክሩም የሚፈለገው በዓይኑ ያየውን እንዲናገር ነው እንጂ ከሰው የሰማውን እንዲደግም አይደለም። ይህች ልጅ ደግሞ የዓይን ምስክር ናት። ስለዚህ፥ «ፍርድ ሳንሰጥ ምስክሮቹን ሁሉ እንስማ» አልኋት።

መጀመሪያ በዚያው ሳህንና በዚያው ብርጭቆ በአንዱ ሻማ ፈንታ ሦስት ሻማ አቆምን። የብርጭቆው አየር ያው ነው፥ የኦክሲጅኑም ድርሻ ያው ነው፤ ስለዚህ የደብተሩ ቃል እውነት ቢሆን ውኃው ከፊተኛው ልክ ማለፍ አልነበረበትም። ልጂቱ በጣቷ ስትለካው ግን በአንዱ ሻማ ጊዜ አንድ ጣት ያህል የነበረው በሦስቱ ከሁለት ጣት አለፈ። ሁለተኛም ብርጭቆውን በምንደፋበት ጊዜ ከአፉ ዳር አየር አረፋ እየሆነ ሲያመልጥ አየን። ሦስተኛው ምስክር ከሁሉ የበረታ ነበረ። ሻማውን ጨርሰን ትተን፥ አንድ ባዶ ጠርሙስ በሙቅ ውኃ አሞቅነው፤ ሙቁንም ውኃ ደፍተን ወዲያው አፉን ቍልቍል በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቆምነው። እሳት የለም፥ የተበላም ኦክሲጅን የለም፤ ሆኖም ጠርሙሱ እየበረደ ሲሄድ ውኃው ወደ ላይ ወጣ።

በዚህ ጊዜ እናቷ ሥራዋን ትታ መጥታ፥ «ይህማ በፔርሙዝ ሁልጊዜ የማየው ነው፤ ማታ ሙቅ ውኃ ጎደል አድርጌ ከከደንሁት ጧት ክዳኑ አልከፈትም ይለኛል» ብላ አራተኛ ምስክር ሆነች።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ይፈታል። አየር ሲሞቅ ይሰፋል፥ ሲበርድ ይሰበሰባል። በሻማው ነበልባል የሞቀው አየር ሰፍቶ ከፊሉ ከብርጭቆው ያመልጣል፤ እሳቱ ሲጠፋ የቀረው አየር በርዶ ይሰበሰባል፥ ግፊቱም ይቀንሳል። በውጭ ያለው አየር ግን ግፊቱ እንዳለ ነውና የሳህኑን ውኃ ተጭኖ ወደ ብርጭቆው ያስገባዋል። ስለዚህ ውኃው ከውጭ ተገፍቶ ይወጣል እንጂ ከውስጥ ተስቦ አይወጣም። ኦክሲጅንም ከነገሩ ጨርሶ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ እሳቱ ከእርሱ ከፊሉን ይወስዳል፥ በፈንታውም ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውኃ እንፋሎት ያወጣል፤ እንፋሎቱ በርዶ ወደ ውኃነት ሲመለስ ስፍራው ይጠብባልና ጥቂት ድርሻ አለው። ነገር ግን ሻማው የሚጠፋው ኦክሲጅኑ ሳያልቅ ነው፤ ከመቶ 21 እጅ የነበረው ወደ 16 እጅ ገደማ ሲወርድ ነበልባሉ ይሞታል። ዋናው ሥራ የሙቀትና የብርድ ነው።

የውጭ አየር እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው መሆኑ ከታወቀ ብዙ ዘመን ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1643 ዓ.ም. ኢጣሊያዊው ቶሪቼሊ ባሰበው ሙከራ፥ በአንድ ወገን የተደፈነ የመስተዋት ቧንቧ በባዜቃ ተሞልቶ ባዜቃ ባለበት ዕቃ ላይ ቢገለበጥ፥ ባዜቃው ፈስሶ አላለቀም፤ 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። ከ5 ዓመት በኋላም ፈረንሳዊው ፓስካል የእኅቱን ባል ያንኑ መሣሪያ አስይዞ ፑይ ደ ዶም ወደሚባል ተራራ ላከው፤ በተራራው ራስ ላይ ባዜቃው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከፍ ባለ ስፍራ የሚጫነን አየር ያነሰ ነውና።

ይህ ለእኛ ለአርሲ ሰዎች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ሁሩታ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት ውኃን 10 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ሊያቆም ሲችል በእኛ ከፍታ የሚያቆመው 8 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ በእኛ ጓዳ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በጭላሎ ተራራ ራስ ላይ ቢጣድ ደግሞ በ87 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የደጋ ንፍሮ ከቈላው ንፍሮ የሚዘገየው ስለዚህ ነው፤ እናቶቻችን ይህን ነገር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከማገዶው ማለቅ ያውቁታል። ዋገምት የሚያግመውም ሰው የቀንዱን አየር በአፉ መጥጦ ሲያወጣ ሥጋ ወደ ቀንዱ የሚነሣው በዚሁ ሕግ ነው፤ ቀንዱ ሳበው ይባላል እንጂ ሥጋውን የሚያስነሣው በሰውነት ዙሪያ ያለው የአየር ግፊት ነው።

ነገሩ ይህ ከሆነ፥ ልጂቱ በፈተናው ምን ትጻፍ? «መምህርሽን አክብሪ፤ ያየሽውንም አትደብቂ፤ ሁለቱ አይጣሉም» ብዬ መከርኋት። እርሷም ፈተናው በመጣ ጊዜ አስቀድማ በክፍል የተማረችውን ጻፈች፤ ከታቹም «በቤት በሦስት ሻማና በሙቅ ጠርሙስ ስንፈትነው ግን ያየሁት ይህ ነው» ብላ ሁሉን በተራ ዘረዘረች። ለዚያ ጥያቄ የተመደበውን ማርክ በሙሉ አጣች፤ በዚያም ምክንያት ከአንደኛነት ወደ ሦስተኛነት ወረደች። ወረቀቱን ይዛ በመጣች ቀን አለቀሰች። እናቷ ፊቴን አየችኝ እንጂ አልተናገረችም። እኔም ልሟገትላት ወደ ትምህርት ቤቱ አልሄድሁም፤ ቃሏ በራሷ እጅ ተጽፎ በመምህሯ ፊት ቀርቧልና፥ አባት በላዩ የሚጨምርበት ማስረጃ አልነበረም።

ከሳምንት በኋላ መምህሩ ሦስት ሻማና አንድ ጠርሙስ ይዘው ወደ ክፍል ገቡ። ልጂቱንም አስነሥተው በተማሪዎች ሁሉ ፊት እንድትሠራው አዘዟት። ውኃው ሲወጣ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ «ደብተራችሁን ግለጡ፤ የምናርመው አለ» አሉ። ማርኩ ተመዝግቦ ያለፈ ስለ ነበረ አልተመለሰላትም። ልጄ ግን በዚያ ቀን ወደ ቤት ስትመጣ ስለ ማርኩ አንድ ቃል አላነሣችም፤ ስለ መምህሯ ብቻ ትናገር ነበር። «አባባ፥ እሳቸው እኮ ሊተዉት ይችሉ ነበር» አለችኝ። መምህርን ማክበር ምን እንደ ሆነ በዚያ ቀን ከእኔ ምክር ይልቅ ከእሳቸው ሥራ ተማረች።

እኔ በልጅነቴ በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሊቃውንቱ አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ ሲተረጕሙት እየሰማሁ አደግሁ፤ በኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሚዛንና ቴርሞሜትር ይዤ መለካትን ተማርሁ። ሁለቱ ትምህርቶች የሚጣሉ የሚመስለው ሰው አለ። ለእኔ ግን ፊተኛው ለአንድ ነገር ብዙ ምክንያት ሊሰጠው እንደሚችል አስታወቀኝ፤ ኋለኛው ደግሞ በፍጥረት ነገር ከብዙው ምክንያት የሚጸናው የትኛው እንደ ሆነ በፈተና መለየትን አስተማረኝ።

ወላጆች ሆይ፥ ለዚህ የሚያስፈልገው ሀብት ብዙ አይደለም፤ ሳህን፥ ብርጭቆ፥ ጥቂት ሻማና የአንድ ማታ ትዕግሥት ይበቃል። እሳት ባለበት ስፍራ ትልቅ ሰው ከልጆች አይለይ። ልጁም «ይህ ስለ ምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ «ዝም ብለህ የተባልኸውን ጻፍ» አንበለው። ዛሬ በሳህን ውኃ ፊት ያየውን እንዲደብቅ ያስለመድነው ልጅ፥ ነገ በሰው ርስትና በሰው ሕይወት ነገር በምስክርነት ሲቆም፥ ወይም በዳኝነት ወንበር ሲቀመጥ፥ ያየውን እንዲናገር በምን አፋችን እንጠይቀዋለን?