ቦንጋ፦ የቡና አገር ለተፈታኞች የምትመክረው

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ጅማ እስኪደርስ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከጅማ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ወደ ጎጀብ ሸለቆ ይወርዳል። የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ሽቅብ ሲወጣ ከፋ ይቀበለዋል። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ እየተጠጉ ይመጣሉ፤ በየጓሮው እንሰት ይታያል። ከጅማ ከተነሳ ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ እልፍ ሲል በኮረብቶች ላይ ከተቀመጠችው ቦንጋ ከተማ ይደርሳል።

ብዙ ሰው ከፋን የሚያውቃት በቡናዋ ነው። ቡና እንደ ዱር ዛፍ በራሱ የሚበቅልበት ደኗ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በዴቻ ወረዳ የምትገኘው ማንኪራ የቡና መነሻ እየተባለች ትጠራለች፤ ቦንጋም የቡና ሙዚየም አላት። ማሯም በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቦንጋ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች።

ውድ አንባብያን! ዛሬ ስለ ቦንጋ የምናነሳው ግን ስለ ቡናዋ ብቻ ለማውራት አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት መጀመሩ ይታወሳል። ከጌሻ፣ ከጨና ወይም ከሳይለም ቀበሌዎች የሚነሳ ወጣት ልብሱን ሸክፎ፣ የእናቱን ዱዓእ ተቀብሎ፣ በክረምቱ ጭቃ ወደ ተመደበበት ግቢ ይጓዛል። ሞባይል ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። በፈተናው አዳራሽ ከእርሱ ጋር የሚገባው በጭንቅላቱ የያዘው ብቻ ነው።

በዚያ የመጀመሪያ ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ተማሪዎች ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 5.4 ከፍ ብሏል። ከእያንዳንዱ ተፈታኝ በስተጀርባ ቡናውን ወይም ማሩን ሸጦ ደብተር የገዛ ቤተሰብ አለ። ለውጤቱ ዝቅ ማለት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ የመምህር እጥረት አለ። ይሁንና በተማሪው በራሱ እጅ ያለ አንድ ጉዳይ አለ። እርሱም ያጠናውን ሳይረሳ እስከ ፈተናው ቀን የሚያቆይበት ዘዴ ነው። ለዚህ ዘዴ ከቤታችን የራቀ አስተማሪ መፈለግ አያስፈልገንም።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

በከፋ ቡና፣ በአገሬው ቋንቋ ‹‹ቡኖ››፣ በየቤቱ ይፈላል። በአገራችን ወግ አንድ ጊዜ የተወቀጠ ቡና ሦስት ጊዜ ይጠጣል። አቦሉ ተቀድቶ ከተጠጣ በኋላ በጀበናው ላይ ውኃ ተጨምሮ እንደገና ይጣዳል፤ ጨዋታውም ይቀጥላል። ከዚያ ቶናው፣ ከቶናው በኋላ በረካው ይቀርባል። ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ የሚጠጣ የለም። በመካከሉ መቆየት አለ።

ጥናትም እንዲሁ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኸርማን ኢቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ የራሱን ትውስታ ለክቶ ነበር። ትርጉም የሌላቸውን የፊደላት ጥምረቶች በቃሉ እየያዘ፣ ቆይቶ ምን ያህሉ እንደቀረለት መዘነ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከግማሽ በላዩ፣ ከአንድ ቀን በኋላ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ያህል ጠፍቶ አገኘው። ዳሩ ግን ያንኑ ትምህርት በየቀኑ ሲመለስበት መልሶ ለመያዝ የሚያስፈልገው ድካም እየቀነሰ ሄደ።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ሕዋስ አንድ ምዕራፍ ያጠና ተማሪ ነገ ማታ ለጥቂት ደቂቃ ይመለስበት። ከሳምንት በኋላ ይድገመው። ከወር በኋላ ይሠልሰው። የመጀመሪያው ጥናት እንደ አቦል ወፍራምና ከባድ ነው፤ ሁለተኛው ይቀላል፤ ሦስተኛው ይቀጥናል፤ ስሙ ግን በረካ ነው። አንድን ትምህርት በአንድ ሌሊት አምስት ሰዓት ከማጥናት እነዚያኑ አምስት ሰዓቶች በተለያዩ ቀናት ማከፋፈል ይበልጣል።

የታጠበው ሉሕ

ወደ ቦንጋ ስንመጣ ያለፍናት ጅማ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ በእስልምና ትምህርት የታወቀች ናት። በቀድሞው የቁርኣን ቤት ሥርዓት ደረሳው ትምህርቱን በእንጨት ሉሕ ላይ ይጽፋል፤ ይቀራዋል፤ ለሸኹ በቃሉ ያሰማል። ሲያውቀው ሉሑ ይታጠብና አዲስ ትምህርት ይጻፍበታል። ልብ እንበል! ሉሑ ከታጠበ በኋላ የሚታይ ጽሑፍ የለም። የቀረው በልብ የተያዘው ብቻ ነው። ያም ቢሆን ሙራጀዓ ካልተደረገበት ይጠፋል።

የዛሬው ተማሪ ደብተር አይታጠብም። እንዲያውም ችግሩ ይህ ነው። ገጹን ሦስት አራት ጊዜ ያነበበ ልጅ ዓይኑ ስለለመደው ያወቀው ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን ፈትነውታል። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ ደግሞ አነበበ፤ ሌላው ወረቀቱን ትቶ የሚያስታውሰውን በባዶ ገጽ ላይ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት ከመቶ 42 ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 56 ያህሉን አስታወሱ።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ! አንድ ምዕራፍ ስትጨርሱ ደብተሩን ዝጉት፤ ሉሑ እንደታጠበ ቁጠሩት። በባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉ። ከዚያ ደብተሩን ከፍታችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። በሚቀጥለው ጊዜ የምትጀምሩት ከዚያ ከጎደለው ነው። የቀድሞ ዓመታት ፈተናዎችንም መልሱን ሳታዩ፣ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። በሒሳብም አንድ ዓይነት ጥያቄ ብቻ ከመደርደር የተለያዩትን ቀላቅሉ፤ ፈተናው ቀላቅሎ ነውና የሚያመጣው።

ቡናና እንቅልፍ

በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፍዮች ለሌሊት ዚክር ለመንቃት ቡና ይጠጡ እንደነበር በታሪክ ይነገራል። ዛሬም ፈተና ሲቃረብ ጀበናው ሌሊት የሚጣድባቸው ቤቶች አሉ። በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀን የተጠናው ትምህርት በአእምሮ ውስጥ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ነው። እንቅልፉን የሰዋ ተማሪ ያጠናውንም አብሮ ይሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት 400 ሚሊግራም ካፌይን ከመኝታ ስድስት ሰዓት አስቀድሞ እንኳ ቢወሰድ ከእንቅልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ማታ አራት ሰዓት ለሚተኛ ተማሪ የመጨረሻው ሲኒ ከቀኑ አሥር ሰዓት ባያልፍ ይሻላል። በፈተናው ዋዜማ አዲስ ምዕራፍ መጀመር አይጠቅምም። የተያዘውን ጥቂት ከልሶ፣ እስክሪብቶንና የመፈተኛ ካርድን አሰናድቶ በጊዜ መተኛት ይበጃል።

እናት የምትፈትነው ፈተና

የከፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተይዞ እስኪወድቅ ድረስ ታሪኩን በጽሑፍ ሳይሆን በቃል ነበር የሚያቆየው። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 እና በ1909 ወደ ከፋ መጥቶ የአገሩን ታሪክና ወግ ከሰዎቹ ጠይቆ፣ በኋላ በሁለት ጥራዝ አሳትሞታል። ሊጠይቅ የቻለው በየዘመኑ ነጋሪና ሰሚ ስለነበረ ነው። የሚነገር ነገር አይጠፋም።

ወላጆች ከዚህ አንድ ነገር ልንወስድ እንችላለን። ‹‹እኔ አልተማርኩ፤ ልጄን በምን ልርዳው?›› የሚሉ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። ቡናው ሲፈላ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡትና ‹‹ዛሬ የተማርከውን እስቲ ንገረኝ›› በሉት። ደብተሩን ዘግቶ በቤታችሁ ቋንቋ ያስረዳ። ካልገባችሁ ‹‹አልገባኝም›› በሉ። ለእናቱ ማስረዳት ያቃተው ቦታ ገና በደንብ ያልያዘው ነውና ወደዚያው ይመለሳል። ይህ ገንዘብም ፊደልም አይጠይቅም፤ ጆሮና ትዕግሥት ይበቃዋል። በጥናቱ ሰዓት ከውኃ መቅዳትና ከእንጨት መልቀም ማሳረፍም ትልቅ ድጋፍ ነው፤ ይልቁንም ለሴት ልጆቻችን።

ፈተናው ሩቅ ቢመስልም አቦሉ ዛሬ ካልተጣደ በረካው አይደርስም። ዛሬ ማታ አንድ ምዕራፍ ተጠንቶ፣ ነገ ደብተሩ ተዘግቶ ለቤተሰቡ ይነገር። ጥረቱ ከእኛ ነው፤ ውጤቱን አላህ ያሳምርልን፤ ለተፈታኞቻችንም ሁሉ ይወፍቃቸው። አሚን።