የዘበኛችን ልጅና እኛ

ከቤተ መጻሕፍት አምሽተን ስንመለስ የመኝታ ቤታችንን በር የሚከፍቱልንን ዘበኛ የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ? «መጽሐፉ እናንተን ሳይጨርሳችሁ እናንተ ጨርሱት» እያሉ የሚቀልዱብን እኒህ ሰው፣ በ2016 ዓ.ም በየካቲት ወር አንድ ሳምንት ሙሉ በሩን ዝም ብለው ሲከፍቱልን ሰነበቱ። «ጋሼ፣ ምን ሆነዋል?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ልጄን የወፍ በሽታ ይዞ አልለቅ አላት፤ አሁንማ ጉበቷ ካልተለወጠ አትድንም አሉኝ» አሉን። ልጅቱ ገና አምስተኛ ወሯን መያዟ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ነገሩ ከእኛ የሚያውቅ አልነበረም። የሰው ጉበት እንደ መኪና ዕቃ ይለወጣልን? ብለን ተገረምን። ስለዚህ የሕክምና ተማሪዎች የሆኑትን ጓደኞቻችንን ጠየቅን፤ እነርሱም በትዕግሥት አስረዱን። ጉበት ሐሞትን ያመነጫል፤ ሐሞቱም በቀጭን ቱቦ ወደ አንጀት ይወርዳል። በአንዳንድ ሕፃናት ግን ይህ ቱቦ በሕይወታቸው መጀመሪያ ሳምንታት ይደፈናል፤ ሐሞቱም መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ጉበቱን ያቆስለዋል። ካሳይ የተባሉ የጃፓን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አንጀትን በቀጥታ ከጉበት ጋር የሚያገናኝ ቀዶ ሕክምና አውጥተዋል፤ ነገር ግን ይህ የተሻለ ውጤት የሚሰጠው ሕፃኑ ሁለት ወር ሳይሞላው ሲደረግ ነው።

ታዲያ በእነዚያ ሁለት ወሮች ምን ተደረገ? ጎረቤቱም ዘመዱም፣ ያዩአት አንድ የጤና ባለሙያም ሳይቀሩ፣ «ፀሐይ አሙቋት፣ ይለቃታል» አሉ። ወላጆቿም በየማለዳው አሞቋት። ይህን የምንጽፈው ጥፋተኛ ለመፈለግ አይደለም፤ የብዙ ሕፃናት ቢጫነት በእርግጥ በራሱ ይለቃልና። ዳሩ ግን ቢጫነቱ ከሁለት ሳምንት ሲያልፍ፣ የሕፃኑም ዓይነ ምድር እንደ ኖራ ሲነጣ፣ ሽንቱም ሲጠቁር፣ ነገሩ የፀሐይ ጉዳይ አይደለም። እናቲቱ ነጭነቱን አይተው ነበር፤ ምን ማለት እንደ ሆነ የነገራቸው ግን አልነበረም። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሲደርሱ ጊዜው አልፎ ነበር፤ የቀረውም መንገድ ንቅለ ተከላ ብቻ ሆነ።

ይህ መንገድ በብዙ ድካም የተጠረገ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ስታርዝል እ.ኤ.አ. በ1963 በሰው ላይ የመጀመሪያውን የጉበት ንቅለ ተከላ ሲሞክሩ፣ በሽተኛው በዚሁ ሕመም የተያዘ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ልጁም አልተረፈም። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ያው ሐኪም የመጀመሪያውን መልካም ውጤት አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ በአውስትራሊያ አንዲት እናት ከጉበቷ ቁራጭ ለልጇ ሰጥታ ተሳካ። ጉበት ከሌሎቹ የሆድ ዕቃዎች የሚለየው በዚህ ነው፤ የሰጪው ተመልሶ ያድጋል፣ የተቀባዩም ከሕፃኑ ጋር አብሮ ያድጋል። በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም ተጀምሯል፤ ለዚህች ሕፃን ጉበት ግን ሐኪሞቹ የመሩአቸው ወደ ህንድ አገር ነው።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ተነሣን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? በማግሥቱ የካርቶን ሣጥኖች ሠራን፤ የልጅቱንም ፎቶግራፍ አስፋፍተን በየሣጥኑ ላይ ለጠፍን። ፎቶግራፉን የሰጡን አባትየው ነበሩ፤ ለምን እንደምንፈልገው ግን በሚገባ አልነገርናቸውም። በሦስተኛው ቀን እናቲቱ ለባላቸው ምሳ ይዘው ሲመጡ፣ ቢጫ ዓይኗ የተገለጠ ልጃቸውን ከምግብ አዳራሹ በር ላይ አዩአት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር። «ልጆቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ግን ልጄ ብትድን፣ አድጋ በዚህ በር ስታልፍ ‹ያቺ የተለመነላት› እንድትባል አልፈልግም» አሉን።

አፈርን። በዚያው ሌሊት ፎቶግራፎቹን ሁሉ አንሥተን መለስንላቸው። ከመካከላችን፣ «ያለ ፎቶግራፍ ማን ይሰጣል?» ብሎ የተከራከረ ነበር፤ እርግጥም ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ብር ቀነሰ። እኛ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ምን እናድርግ ብለን እርስ በርሳችን ከመማከር ይልቅ ምን ይቸግራችኋል ብለን እነርሱን መጠየቅ ጀመርን።

መልሱም ያልጠበቅነው ሆነ። ገንዘቡስ ከእኛ ይልቅ ከዘመድ፣ ከጎረቤትና ከሥራ ባልደረቦቻቸው እየተሰበሰበ ነበር። ዕድራቸው ለለቅሶ እንጂ ለሕመም ገንዘብ አያወጣም ነበር፤ ዳኛው ግን አባላቱን ሰብስበው፣ «ለቀብር ከማዋጣት በፊት ለሕይወት ብናዋጣ ምን ነውር አለው?» ብለው አሳመኗቸው። እነርሱን ያስጨነቃቸው ወረቀቱ ነበር። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣችው ሕግ የአካል ክፍል መሸጥንና መግዛትን ይከለክላል፤ ስለዚህ ከውጭ አገር የሚመጣ ሰጪ ከበሽተኛው ጋር ያለውን ዝምድና በማስረጃ ማሳየት አለበት። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የሕክምና ውጤት፣ ትርጉሙ፣ ማኅተሙ፤ ይህ ሁሉ ሌሊት ዘብ አድሮ ቀን ሆስፒታል ለሚውል ሰው ተራራ ነው። እኛ ደግሞ ሌላ ባይኖረን እግርና እንግሊዝኛ አለን። በተራ ተከፋፍለን ሰልፍ ያዝን፤ ደብዳቤ ጻፍን፤ ታላቅ ወንድሟን ከትምህርት ቤት አመጣን፤ የቤት ሥራውንም አሠራን።

ሁለተኛው ጭንቀታቸው ደግሞ ይህ ነበር። የእናቲቱ ደም ከልጅቱ ጋር አልገጠመም፤ የአባትየው ገጠመ። እርሳቸውም አንድ ሌሊት በሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ «ጉበቱንስ እሰጣለሁ፤ ሆዴ ተቀድዶ ስመለስ ሥራዬን ለሌላ ሰጥተውት ባገኝ ልጆቼን በምን አበላለሁ?» አሉን። ቀጣሪያቸው ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ሁለት ጊዜ «ነገ ተመለሱ» ተባልን፤ በሦስተኛው፣ ሌሎቹ ዘበኞች ፈረቃቸውን ሊሸፍኑላቸው በፊርማቸው ስላረጋገጡ፣ ቦታቸው እንዲጠበቅላቸው ተፈቀደ። ይህ የእኛ ሥራ ነው ብለን አንመካም፤ የባልደረቦቻቸው ነው።

በሰኔ ወር ሄዱ። ሐምሌ ላይ፣ እኛ በየአገራችን ለዕረፍት ተበትነን ሳለን፣ ቀዶ ሕክምናው ተፈጽሞ ሁለቱም በሕይወት መኖራቸውን ሰማን። በ2017 ዓ.ም በኅዳር ወር ተመለሱ። ልጅቱ ዓይኗ ነጥቷል፤ ጉንጯም ሞልቷል። አባትየው ከባድ ነገር እንዳያነሡ ለጊዜው ቢከለከሉም፣ በሩን መክፈት ግን ጀምረዋል፤ ቀልዱም ተመልሷል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ነገሩ በዚህ አላለቀም። ሰውነቷ የተተከለውን ጉበት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይጥለው፣ ልጅቱ መድኃኒት በየቀኑ መውሰድ አለባት፤ ይህም ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለዘለቄታው ነው። በደሟም ውስጥ ያለው መጠን እየተመረመረ መኖር አለባት። ይህን ደግሞ እኛ ልንረሳው ምን ያህል እንደ ቀረበን እንናገር፤ ከተመለሱ በኋላ በፈተናው ሰሞን ሣጥኑ ሁለት ወር ሙሉ ባዶ ነበር። ጉዞውን ስንሸኝ ያጨበጨብን ሁሉ፣ መድኃኒቱን ለመግዛት ጊዜ አጣን። የመጀመሪያው ቀን ርኅራኄ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው የሃያኛው ወር ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ ለዕረፍት ወደ የቤታችሁ ስትሄዱ አራስ ያለበት ቤት ብትገቡ፣ ቢጫነቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፣ ዓይነ ምድሩም የነጣ ሕፃን ብታገኙ፣ «ፀሐይ አሙቁት» ብላችሁ አትለፉ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይዛችሁ ሂዱ። ሁለተኛ፣ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከመኝታ ቤታችን በር አጠገብ አንድ ሣጥን ይቀመጣል። ፎቶግራፍ የለበትም፤ ስምም አልተጻፈበትም። የማን እንደ ሆነ ግን ታውቃላችሁ።