ሞርሞርና አባባ ተስፋዬ

ዛሬ ፖለቲካ የለም፣ ተረጋጉ። ስለ ታክሲ ፈቃድም አላማርርም። የማወራችሁ ስለ አንዲት የዚህ አገር ሴት ነው። ሻይ ቡና ይዛችሁ አንብቡ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ስማቸው አነ-ካት ቬስትሊ ይባላል። ተዋናይት፣ ደራሲ፣ በሬዲዮም በቴሌቪዥንም የልጆች ተረት አቅራቢ ነበሩ። እዚህ አገር ያደጉ ትልልቅ ሰዎችን ስለሳቸው ጠይቋቸው፤ ፊታቸው ወዲያው ይለወጣል። "የመላው ኖርዌይ ሞርሞር" ይሏቸዋል። አዲስ ለመጣችሁ፣ ሞርሞር ማለት የእናት እናት ነው። እኛ ሴት አያት ብለን የምናልፈውን እነሱ በእናትና በአባት ለይተው ይጠሩታል።

በ1920 ሬና በምትባል ገጠራማ ቦታ ተወለዱ። ከጦርነቱ በኋላ ኤንአርኮ ሬዲዮ ላይ በትንንሽ ልጆች ሰዓት ተረት መናገር ጀመሩ። በዚያ ሰዓት አብረዋቸው የገነኑት አልፍ ፕሮይሰንና ቶርቢዮርን ኤግነር ናቸው። ኤግነርን ታውቁታላችሁ፤ ልጆቻችሁ ባርነሀገ ሄደው ጥርሳቸውን ስለሚቆፍሩት ካሪዩስና ባክቱስ ሰምተው ከመጡ፣ ጸሐፊው እሱ ነው። ኤንአርኮ በ1960 ቴሌቪዥን በይፋ ሲከፍት ቬስትሊም ወደዚያው ዘለቁ። ካኑተን የሚባል አሻንጉሊት ይዘው ልጆች ፊት ቀረቡ።

ስማቸውን የተከለው ግን በ1957 የወጣው መጽሐፋቸው ነው። አርእስቱ በእኛ ቋንቋ "ስምንት ትንንሾች፣ ሁለት ትልልቆችና አንድ የጭነት መኪና" እንደማለት ነው። ታሪኩ ኦስሎ ውስጥ ነው። አባትየው ሹፌር ነው። ልብ በሉ፣ ሹፌር! ስምንት ልጅ አለው፣ የሁሉም ስም በ"መ" ይጀምራል፤ ከማረን ጀምሮ እስከ ትንሹ ሞርተን። ቤቱ ጠባብ ነው። ከታች የምትኖረው ሁልዳ "ልጆቻችሁ ረበሹኝ" እያለች ትቆጣለች። የቤቱ ሁሉ እንጀራ የሚወጣው ከዚያች አንዲት መኪና ነው። መኪናዋ እንደ ቤተሰብ አባል የተቆጠረችበትን ምክንያት ለታክሲ ሾፌር ማስረዳት አያስፈልግም። መኪናችን ጋራዥ ስትገባ ቤታችን ውስጥ ምን እንደሚሆን እናውቃለንና።

ከዚያ አያትየዋ ከገጠር ትመጣለች። ጠባቡ ቤት ላይ ሌላ ሰው ተጨመረ ማለት ነው። ግን ማንም "የት ትተኛለች?" ብሎ ፊቱን አያጠቁርም፤ ልጆቹ በደስታ ይፈነጥዛሉ። ታሪኩ በ1977 እና በ1979 ወደ ፊልም ሲመጣ አያትየዋን ሆነው የተጫወቱት ራሳቸው ቬስትሊ ናቸው። የፈጠሯትን ሴት ራሳቸው ለበሷት። ከዚያ በኋላ አገሩ ደራሲዋን ከአያትየዋ መለየት አልቻለም።

አሁን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ግሮንላንድ ቡና ስንጠጣ የምንደጋግመው ነገር አለ። "ፈረንጅ ቤተሰብ አያውቅም፣ እናቱን አረጋውያን ቤት ጥሎ ኖሮውን ይኖራል" እንላለን። እኔ በዚህ አባባል አልስማማም። አንድ አገር ከልጅ እስከ አዋቂ የሚወደው ታሪክ አሥር ሰው በጠባብ ቤት ተፋፍጎ፣ አያት ስትጨመር ደስ ብሎት የሚኖርበት ከሆነ፣ ያ አገር ስለ ቤተሰብ አያውቅም አይባልም። ይልቅስ የናፈቀው ነገር ነበረው። ከጦርነቱ በኋላ ሕዝቡ ከገጠር ወደ ኦስሎ ጎረፈ፣ ላምበርትሴተርና ቦለርን በመሰሉ አዳዲስ ሰፈሮች ብሎክ በብሎክ ተገነባ። ወጣቱ ብሎክ ውስጥ ገባ፣ አያት ገጠር ቀረች። ያንን ባዶ ወንበር ሬዲዮው ላይ የሞላችው ድምፅ ናት ሞርሞር። የእኛም አያቶች ጎጃም፣ ወሎ፣ አዲስ አበባ ቀሩ፣ እኛ እዚህ ብሎክ ውስጥ ገባን። ልዩነቱ የአውሮፕላን ትኬቱ ዋጋ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ሴትዮዋ ጣፋጭ ተረት ተናግረው ብቻ ያለፉ እንዳይመስላችሁ። በ1950ዎቹ ሕፃን የሚያድገው እናቱ ሆድ ውስጥ መሆኑን ለልጆች በሬዲዮ ስለተናገሩ ብዙ ወላጅ ተቆጥቶባቸዋል። በ1966 ደግሞ ስለ አውሮራ ጻፉ። አውሮራ እንደ ቦለር ባለ የብሎክ ሰፈር የምትኖር ልጅ ናት። እናቷ ጠበቃ ናት፣ ሥራ ትሄዳለች። አባቷ ቤት ሆኖ ይማራል፣ ያበስላል፣ ሶቅራጥስ የሚባለውን ሕፃን ወንድሟን ያሳድጋል። ጎረቤት ያጉረመርማል።

አቤት፣ ይህን ሳነብ እንዴት እንደሳቅኩ! በእኛ መሀል ስንቱ ወንድሜ ሌሊቱን ነድቶ፣ ጠዋት ባለቤቱን ወደ ሥራ ሸኝቶ፣ ቀኑን ዳይፐር ሲቀይር ይውላል? አገር ቤት ደውለው "ምን ትሠራለህ?" ሲሉት ግን ስለ መንዳቱ ብቻ ያወራል። ወንድሜ፣ አትፈር። የዛሬዋ ኖርዌይ እዚህ የደረሰችው ያኔ የተሳቀበትን አባት ተረት ውስጥ አስገብተው ለልጆች ያስለመዱ ሰዎች ስለነበሯት ነው። ያንን ተረት የሰሙ ልጆች አድገው አባቶች ሆኑ።

ወደ እኛ ልምጣ። እኛስ ማን ነበረን? አባባ ተስፋዬ ነበሩና! ተስፋዬ ሣህሉ በ1923 ባሌ ተወለዱ፤ ከቬስትሊ ጋር የሦስት ዓመት ልዩነት ቢኖራቸው ነው። መድረክ ላይ የሚወጣ ሴት ባልነበረበት ዘመን ሴት ሆነው ተውነዋል። ኮሪያ ድረስ ሄደው ለቃኘው ዘማቾች አቅርበዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 ሲከፈት የልጆችን ጊዜ ይዘው ብቅ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ አርባ ዓመት አለፋቸው። ቴሌቪዥን በየቤቱ ስላልነበረ የሰፈር ልጅ ጎረቤት ቤት ወለሉ ላይ ተደርድሮ ነበር የሚያያቸው። "የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች" ሲሉ ሁላችንም በስማችን የተጠራን ይመስለን ነበር።

ሁለቱ ሰዎች መቼም የተገናኙ አይመስለኝም። ግን ሥራቸው አንድ ነበር። ሁለቱም ተዋናዮች፣ ሁለቱም ተረት ነጋሪዎች፣ ሁለቱንም ሕዝቡ የዝምድና ስም አወጣላቸው። አንዷን ሞርሞር፣ አንዱን አባባ። እንዲህ ያለውን ማዕረግ ዩኒቨርሲቲ አይሰጠውም።

የሚያሳስበኝ የልጆቻችን ነገር ነው። የእኔዎቹ አማርኛ ይሰማሉ፣ መልሱ ግን በኖርዌጂያንኛ ነው። ሞርሞርን ከትምህርት ቤት ያገኟታል፤ ጥሩ ነው፣ ያግኟት፣ የተወለዱበት አገር ሀብት ነው። አባባ ተስፋዬን ግን ከእኛ በቀር ማንም አይነግራቸውም። የጦጢትንና የአያ ጅቦን ተረት ባርነሀገ አያስተምርም።

ቬስትሊ በመጨረሻ ዘመናቸው አልዛይመር ያዛቸው። ለስንት ትውልድ ልጅ ትዝታ ያተረፉት ሴት የራሳቸው ትዝታ ከዳቸው። በታህሣሥ 2008 አረፉ። አባባ ተስፋዬ ደግሞ በሐምሌ 2017 በዘጠና አራት ዓመታቸው ተለዩን። የእሳቸው ተረት ተጽፏል፣ ተቀርጿል፣ ፊልም ሆኗል፤ ትዝታቸው ቢጠፋም ታሪኩ አልጠፋም። የእናቶቻችን ተረት ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ጭንቅላታቸው ውስጥ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው እሑድ እናታችሁ ጋ ስትደውሉ፣ ከጤናውና ከኑሮ ውድነቱ ወሬ በኋላ "እማዬ፣ ያቺን ልጅ ሆነን የምትነግሪንን ተረት በቫይበር ድምፅ ላኪልኝ" በሏት። መጀመሪያ ትስቃለች፣ "ምን ታደርግልሃለች?" ትላለች። ለልጅ ልጆችሽ ነው በሏት። ትነግራችኋለች።

የላከቻትን ማታ ለልጆቹ አስሟቸው። ግማሹን ባይገባቸው ምንም አይደል፤ መጀመሪያ ድምፁን ይልመዱት። ሰላም ሁኑልኝ፣ መልካም ሳምንት።